ባሕሩ የሸሸበት ሰዓት

እማዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሐኪሙ የሰጠሽን መድኃኒት ሳታቋርጪ እየወሰድሽ ነው? ቱኒስ ሙቀቱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ እባክሽ በቀትር ልብስ ልታሰጪ ሰገነቱ ላይ አትውጪ። እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። በችኮላ ስለምጽፍ ፊደሌ ካስቸገረሽ ይቅር በይኝ።

በባሕር ዳርቻው መንደር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳረፍኩ ላጫውትሽ። ጠዋት ማንም አይቀሰቅሰኝም ነበር። ያከራየችኝ መበለት እትዬ መብሩካ የገብስ ቂጣና የወይራ ዘይት መስኮቱ ላይ ትታልኝ ወደ ባሕር ትወርዳለች። ውሃው ሲሸሽ ከመንደሩ ሴቶች ጋር ጭቃውን በማጭድ እየጫረች ዛጎል ትለቅማለች። እኔ ውሃው ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ፈርቼ ስቆም ከሩቅ ትጮህብኛለች። «አንቺ የከተማ ልጅ! እዚህ ባሕር ለመስጠም እኮ መጀመሪያ መተኛት አለብሽ!» ትለኛለች፤ ሴቶቹ በሳቅ ይሞታሉ። ከሰዓት የተጠበሰ ዓሣ በሎሚ እንበላለን፤ ከዚያ እንቅልፍ ነው። ጎኔ ላይ የነበረው የምት ጥቁረት መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ በኋላም ጠፋ። አንድ ቀን ሳላውቀው ሳንጎራጉር ሰምታኝ «ኧረ ድምፅም አለሽ!» አለችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ቀትር ላይ የእትዬ መብሩካ ወንድም ጋሽ ላሩሲ እየሮጠ መጣ። ዓሣ አጥማጅ ነው፣ ዕድሜው ስድሳን አልፏል፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

«ካፌው ጋ ነጭ መኪና ቆሟል» አለ። «ሰውዬው ረጅም ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። እየዞረ የሁሉንም እጅ ይጨብጣል። ባለቤቴ ታማ አየር ልትለውጥ መጥታለች፣ የመብሩካ ቤት የትኛው ነው? እያለ ይጠይቃል።»

ሙንሲፍ ነበር። ባሌ መሆኑን ስሙ ሳይነገረኝ አወቅኩ። ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? መሸሽን አይደለም። ቤቱ ተጠርጓል ወይ ብዬ ነው ያሰብኩት።

እትዬ መብሩካ ክንዴን ይዛ ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት አስገባችኝ። ኦክቶፐስ የሚያጠምዱባቸው የሸክላ ገንቦዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። መሃላቸው ተኮራምቼ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉንም ሰማሁ።

«እናቴ፣ እንደምን ዋሉ?» አላት። አንደበቱን ታውቂያለሽ፣ ማር ነው። «ባለቤቴን ልወስድ መጥቼ ነበር። ትንሽ ነገር ያስደነግጣታል።»

«ዓሣ የምትፈልግ ከሆነ ጠዋት ና» አለችው።

«እዚህ እንዳለች አውቃለሁ እኮ።»

«ካወቅክ ምን አስጠየቀህ? ነበረች፣ ትናንት ሄደች።»

ሳቀ። ውሃ ለመነና ጠጣ። ጣሳውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት፤ ከዚያ እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። አንዱ ገንቦ ትከሻዬ ነክቶት ሲወዛወዝ በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኩት። ሲነሳ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው የሚናገር ይመስል «እኔም እረፍት ያስፈልገኛል። እዚሁ መንደር ክፍል ተከራይቻለሁ» አለ። አንድ ካርቶን ትቶ ሄደ።

ማን ነገረው ብዬ ስብሰለሰል ዋልኩ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት የሚያውቁት ሱስ ወደምትባለው ከተማ መሄዴን ነው። ራድያ እንኳ፣ ያንን ያህል የምወዳት ጓደኛዬ፣ የመብሩካን ስም አታውቅም። በኋላ ካርቶኑን ከፈትኩት።

ማክሩዱ፣ ያ ተምር የምትሞዪው ጣፋጭ፣ ደርሶኛል፣ እማዬ። ተምሩ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ አለበት። ካንቺ በቀር እንዲያ የሚሠራ የለም። እጅሽ ይባረክ። ሁለቱን በላሁ፤ ሦስተኛውን መልሼ ካርቶኑ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ እትዬ መብሩካ የራሷን ቀሚስ አለበሰችኝ፣ ፊቴን በሻሽ ጠቀለለችው፣ የሰሌን ባርኔጣ ደፋችልኝ። እግሬ የከተማ ሰው እግር ነው ብላ ጭቃ ቀባችኝ። አሥራ ሁለት ሆነን ባልዲ አንጠልጥለን ወጣን። ወደ ባሕሩ የሚያወርደው መንገድ በካፌው ፊት ነው የሚያልፈው።

በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። እያንዳንዳችንን በዓይኑ ይለቅመን ጀመር። አራተኛዋ እኔ ነበርኩ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ እትዬ መብሩካ «አንተ እንግዳ!» ብላ ጮኸችበት። «እዚህ አገር ወንድ ተጎልቶ ሴት አይቆጥርም፤ ወይ ና ባልዲ ያዝ፣ ወይ ዓይንህን ስበር!» ካፌው በሳቅ አውካካ። ሲሳቅበት እንደማይወድ ታውቂያለሽ፤ ወደ ስኒው አቀረቀረ።

ውሃው ርቆ ስለነበር ፊታችን ያለው ሁሉ ገላጣ ጭቃ ነው፤ የሚሸሽግ ነገር የለም። ጋሽ ላሩሲ ጀልባውን ይዞ ከሩቅ፣ ገና ውሃ ያለበት ጋ ቆሟል። እግሬ ሩጪ ሩጪ ይለኛል። እትዬ መብሩካ «እንዳትሮጪ! ጎንበስ ብለሽ ልቀሚ» ትለኛለች። ጎንበስ እያልኩ ለቀምኩ።

ግማሽ መንገድ እንደሄድን ከኋላችን ስሜ ተጠራ። መቼም ያንን አጠራሩን። በዚህ ሁሉ ዓመት ሲጠራኝ ሳልመልስ ቀርቼ አላውቅም፤ አፌ ሊከፈት ነበር። ከጎኔ ስትለቅም የነበረች አንዲት ሴት፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት፣ ቀና ብላ «አቤት!» አለች። ባልዲዋን ጥላ ወደ ሌላ አቅጣጫ መሮጥ ጀመረች። ሙንሲፍ በሚያብረቀርቅ ጫማው ጭቃው ውስጥ ገብቶ ተከተላት። እኔ እንዳቀረቀርኩ፣ እየለቀምኩ፣ ጀልባው ጋ ደረስኩ። ጋሽ ላሩሲ መረብ አልብሶ አስተኛኝ። ሲደርስባት ምን እንዳደረጋት እስካሁን አልሰማሁም። ይኸው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

አሁን ያለሁበት ቤት በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ጠዋት ጠዋት መኪና ባለፈ ቁጥር መቆለፊያውን በእጄ እፈትሻለሁ፤ ያልፋል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰው ከሌላ ከተማ ነው የሚልክልሽ።

እማዬ፣ አልተቀየምኩሽም። ልጅ ሆኜ የአባቴ ቁልፍ በሩ ላይ ሲዞር ጨዋታሽን በአፍሽ ይዘሽ እንደምትቀሪ አስታውሳለሁ። አሁንም፣ ሰባ ዓመት ሞልቶት፣ ሲጠይቅሽ ሳትመልሺ መቅረት እንደማትችዪ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰላምታ ያላቀረብኩለት።

እትዬ መብሩካ የት እንዳለሁ አታውቅም፣ ስለዚህ ብትጠይቂያትም አትነግርሽም። ግን ስለ አንቺ ነግሬያታለሁ። እሷ ጋ የነበርኩበት ክፍል ባዶ ነው፣ አልጋውም ላንድ ሰው ይበቃል። ከቱኒስ ወደ እሷ መንደር የሚሄደው አውቶቡስ የሚነሳው አባቴ ለጁምዓ ሰላት መስጊድ በሚሆንበት ሰዓት ነው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ከክፉ እጅ ሁሉ ይሰውርሽ።

ልጅሽ