የአባትሽ ፋኖስ ወርቅ የሆነ ዕለት

ውድ እታገኝ፣

ዝቋላ ከገባሽ ጀምሮ ስልክሽ «አይገኝም» ከማለት ሌላ ቃል ስለማያውቅ ይህን ደብዳቤ በጤና ጣቢያችሁ መኪና ልኬልሻለሁ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ማንም አልሞተም። አባትሽም ደህና ናቸው፤ ትንሽ ያነክሳሉ እንጂ። የሚያነክሱትም በእኔ ምክንያት ነው።

መናኸሪያ ላይ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት አባቴን ደስ የሚያሰኝ አንድ ነገር ሥራ። ሥራ ለሌለው ልጄን አልሰጥም ብለዋል» ብለሽ መኪና ውስጥ ገባሽ። ከዚያ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አልቻልኩም። በኬሚስትሪ ተመርቄ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ የምውለው ሰውዬ ሥራ አገኘሁ፤ ያውም ራሴ የፈጠርኩት! የቤታችንን የዛገ ፋኖስ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፣ ባጃጅ ከሚያስጌጠው ከካሤ በለመንኩት ወርቅማ ቀለም ቀባሁት። ግድግዳው ላይ ስሰቅለው ቤታችን ሆቴል መሰለ። እናቴ ግን «ዩኒቨርሲቲ የላክሁህ ፋኖስ እንድትቀባ ነው?» ብላ ማንቆርቆሪያዋን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ምን ታድርግ፣ ገበያው አልታያትም። መብራት በጠፋ ቁጥር ፋኖስ የማይወጣበት ቤት በሰቆጣ የት አለ? ሁሉም ደግሞ ጥቁር ነው!

ከዚያ ዓይኔ በአባትሽ ፋኖስ ላይ አረፈ።

ጥላሸቱ ከመብዛቱ የተነሣ ብረቱ ዱሮ ምን ቀለም እንደነበረው የሚያውቅ የለም። ለኪዳን ሲወጡ እሱን ይዘው ካለፉ ውሻ እንኳ ለምዶት አይጮህባቸውም።

«አባ፣ ፋኖስዎን ልሥራልዎት» አልኳቸው።

«ምን ሆነ? ያበራል እኮ።»

«ቀለሙን ልለውጠው ነው።»

«ማን ሊያየው? እኔ ይዤው የምሄደው በጨለማ!»

አንቺን እያሰብኩ ለመንኳቸው፤ ለመንኳቸው። በመጨረሻ «በል፣ ለእሑድ ግን አድርስልኝ» ብለው ሰጡኝ።

ቅዳሜ አስረከብኳቸው። ቀለሙ ትንሽ ሰንበት ብሎ መድረቅ ነበረበት፤ ግን ሽማግሌዎቹን የቀጠርኩት እሑድ ከሰዓት ነበር። ምን ላድርግ?

እሑድ ጠዋት ፋኖሱ ሲግል ቀለሙ መሽተት ጀመረ። ዲያቆናቱ በየተራ ሳሉ። አባትሽ እንደ ወትሮው ዕቃ ቤት ማስቀመጡን ትተው አጠፉትና በደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ አኖሩት። ፀሐይ ወጣች፤ ፋኖሱ አንጸባረቀ። እማሆይ አመተ ማርያም ደረሱ። ዓይናቸው እንደምታውቂው ነው። ቆሙ፣ ቀረቡ፣ ተሳለሙት። ከዚያ «እልልልል! ስለት ገብቷል! የወርቅ መብራት!» አሉ። ሴቶቹ እልልታውን ተቀበሏቸው። ቅዳሴው ሲያልቅ የአባትሽ ፋኖስ ጥላ ተዘርግቶለት ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሟል።

አባትሽ መስቀላቸውን ይዘው ሲወጡ አዩት። እኔም እሳቸውን አየሁ። «የእኔ ነው» እንዳይሉ፣ ለእግዚአብሔር ቤት የተሰጠ አይመለስም ብለው ያስተማሩት ባለፈው እሑድ ራሳቸው ናቸው። ሕዝቡ ደግሞ «ያመጣውን ይባርኩልን!» እያለ ነው።

«ይህን ያመጣውን» አሉ እኔን ትክ ብለው እያዩ፣ «እንደ ሥራው ይስጠው።»

ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ። ከድንጋጤ ነው።

ከሰዓት አጎቴ ጋሽ እንዳለው ሽማግሌዎቹን ይዘው ተነሡ። ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ «ጠዋት ፋኖሱን ቀምተን ማታ ልጃቸውን እንለምን? ወይ ድፍረት!» አሉኝ። እንደ ወጉ እነሱ ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ እኔ አጥር ሥር ተደበቅሁ።

«የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ አባትሽ።

«ኬሚስትሪ...»

«የተማረውን አልጠየቅሁም።»

አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የፋኖስ ቀለም ይለውጣል።»

አባትሽ ሲናደዱ ወደ ኽምጣንጋ ነው የሚዞሩት፤ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም። ወደ ጓዳ ገቡና አንቺ ለፋሲካ የገዛሽላቸውን፣ አብረቀረቀብኝ ብለው አንድ ቀን እንኳ ያልያዙትን ቀይ ፋኖስ አወጡ።

«እንግዲያው ይኼን ጥቁር ያድርግልኝ። ማንም የማይሳለመው፣ ማንም እልል የማይልበት። ተሠርቶ ሲመጣ ያን ጊዜ ትቀመጣላችሁ።»

ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ተመለሱ።

አየሽልኝ? አሮጌውን አዲስ ማድረግ በቻልኩ ማግስት አዲሱን አሮጌ አድርግ ተባልኩ! ጥቁር ቀለም ብቀባው ይብሱን አበራ፤ የባለሥልጣን መኪና መሰለ። ያንን ፋቅሁና ከእናቴ ድስት ቂጥ ጥላሸት ጠርጌ ለቀለቅሁት፤ ፋኖሱን እንቢ ብሎ እኔን ያዘኝ። እናቴ ለጎረቤት «ያኛውን ሲያጥብ ከረመ፣ አሁን ደግሞ ያቆሽሻል፤ ጸበል ልውሰደው ይሆን?» ስትል ሰማኋት። ይህ ሁሉ ሲሆን አባትሽ ፋኖስ የላቸውም። በስልክ መብራት ለኪዳን ሲወጡ ለኮብልስቶን የተቆፈረ ቦይ ውስጥ ገቡ። ማነከሳቸው ይኸው ነው።

በስተመጨረሻ ኬሚስትሪዬ ደረሰልኝ። ጥላሸቱን በተልባ ዘይት ለውሼ ቀባሁትና ፍም ላይ እያገላበጥኩ አጋልኩት፤ ጥቁረቱ ብረቱን ነክሶ ቀረ።

ትናንት ሽማግሌዎቹ ይዘውት ሄዱ፤ እኔም አጥሬ ሥር ገባሁ። አባትሽ ፋኖሱን ዞር አደረጉት፣ ገልበጥ አደረጉት።

«አሁንም ትንሽ ያምራል» አሉ።

እሳቸው ጎንበስ ብለው ከደጃፉ አፈር ዘገኑ፤ እጀታውን አሹት፤ ራቅ አድርገው አዩትና በሩ አጠገብ ሰቀሉት። ከዚያ ወደ አጎቴ ዞረው፣ «ምን ቆማችኋል? ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ!» አሉ።

ተቀመጡ፣ እታገኝ! ተቀመጡ! እልልታዬ እንዳያመልጠኝ አፌን በሁለት እጄ አፈንኩት፤ ፊቴ ምን እንደመሰለ አትጠይቂኝ።

እንግዲህ የቀረው ያንቺ መምጣት ነው። በሩ ላይ ተሰቅሎ የምታዪው ጥቁር ነገር ያንቺው የፋሲካ ስጦታ ነው። አደራሽን፣ እንዳታጥቢው።

እጁ ገና ያልጠራለት፣
ያንቺው ደግሰው
ሰቆጣ