ለምኞት ያልደረሰ እጅ

መስከረም 21

የበዓሉ ሰሞን አለቀ፣ ሥራ ገባን። ገና ከበሩ ሳልደርስ አለቃዬ ጋሽ ዘርኡ፣ "እንቁ! የሰውየው መጽሐፍ መጣልሽ!" አሉኝ። የአንድ ጡረተኛ ዳኛ ትዝታ ነው፤ ወፍራም የእጅ ጽሑፍ። ደስ አለኝ። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እንደኔ የሚፈጥን የለም፣ ሁሉም ያውቃል።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩ። ከሰዓት በኋላ የቀኝ እጄ ጣቶች ደነዘዙ። አራገፍኳቸውና ቀጠልኩ። በኋላ የማኪያቶ ብርጭቆ ሳላውቀው ከእጄ ሾልኮ ተሰበረ። ሽፋን የምትሠራው ረይሀና፣ "ኧረ ዓይን ነው!" ብላ ሳቀችብኝ። ድካም ይሆናል...

ቤት ስገባ ምኞት ዳዴ እያለች እግሬ ሥር ደረሰች። እንዴት ፈጥናለች ልጄ!

ጥቅምት 4

ጠዋት ምኞትን ከአልጋ ሳነሣት እጄ ከዳኝ። ጣቶቼ ብቻቸውን ተከፈቱ። ወለሉ ላይ ሳትደርስ ኢዩኤል ቀለባት። እሷ አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

"ምን ሆነሽ ነው እንቁ?"

"እጄ... እጄ የኔ አልነበረም።"

ለባል እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ታክሲውን ሳያወጣ ቁጭ ብሎ ሲያየኝ አረፈደ።

ጥቅምት 9

ሐኪም ቤት። ሐኪሟ የእጄን አንጓ በጣቷ መታ መታ ስታደርገው እስከ ጥፍሬ ድረስ ነዘረኝ።

"ሥራሽ ምንድነው?"

"ኮምፒውተር ላይ እጽፋለሁ።"

"ለስንት ዓመት?"

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችው። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሲደጋገም አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ይጨቆናል አለች። ሁለቱም እጄ። ቀኙ ይብሳል። የአንጓ ማሰሪያ ሰጠችኝ።

"አሳርፊው። ከባድ ነገር እንዳታነሺ።"

"ልጅ አለችኝ እኮ።"

ምኞት ከባድ ነገር ሆነች።

ጥቅምት 15

የኢዩኤል እናት፣ እማማ ወርቅአፈራሁ፣ ከሥላሴ በኩል አንድ ሻንጣ ይዘው መጡ። "እጅሽን አሳርፊ የኔ ልጅ፣ ልጅቷን ለኔ ተያት።" አዘሏት። ወዲያው ተኛች።

ተመስገን ነው። ነው አይደል?

ኅዳር 6

የረይሀና ወንድም ከዱባይ ሁለት ነገር አመጣልኝ። አንዱ በጎኑ የቆመ ማውዝ ነው፤ ሰው እንደመጨበጥ ነው የሚያዘው። ጋሽ ዘርኡ አገላብጠው አዩት። "ይሄ ነገር የቆመ ነው ወይስ የወደቀ?" ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሌላው ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ነው፤ ክንድ ሳይጣመም እንዲጻፍበት። ጣቶቼ ጠፉበት። "ሰ"ን ስፈልግ "ረ" ትመጣለች። እኔ! ዓይኔን ጨፍኜ የምጽፈው...

ሕመሙ ግን ትንሽ ቀለል አለ። ድንዛዜው እንዳለ ነው።

ኅዳር 25

ሐኪሟ ዛሬ ተቆጣች። "እረፍት ያልኩሽ አልገባሽም። እጅሽ በቀን የሚችለው ትንሽ ነገር ነው። ለምን እንደምታውዪው አንቺ ምረጪ።"

ከዚያ ሥራ ገባሁ። ዳኛው ስለ እናታቸው ሞት የጻፉት ምዕራፍ ላይ ነበርኩ፤ ማቆም አቃተኝ። ጻፍኩት።

ቤት ስገባ ምኞት ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሣች። ወለሉ ላይ ተቀምጬ "ነይ፣ ነይ እናቴ" አልኳት። እሷ የፈለገችው መነሣት ነበር። እጇን እንዳነሣች ቆየች... ቆየች... ከዚያ ዞራ ወደ እማማ ሄደች።

እንጀራ ስለሆነ ነው እላለሁ ለሰው። የኢዩኤል ታክሲ ያበላናል እኮ። እውነቱን ለራሴ ልጻፍ እንጂ። ሥራውን እወደዋለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ እኔ ማን እንደሆንኩ አውቃለሁ። ይሄ ኃጢአት ነው?

እስክሪብቶም ያመኛል።

ታኅሣሥ 14

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግነው አጥናፉ፣ የኢዩኤል ጓደኛ፣ የልብስ ስፌት ፔዳል ከማውዝ ጋር አገናኘልኝ። አሁን ክሊክ የማደርገው በእግሬ ነው።

"ስትሠሪ ቀሚስ እንዳይወጣልሽ!" አለኝ።

ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቤ ሳቅሁ።

ጥር 17

ይሄን በእጄ አልጻፍኩትም። ለስልኩ እያወራሁት ነው፣ እሱ ይጽፈዋል። ረይሀና ናት ያሳየችኝ። መጽሐፉንም እንዲሁ ጀመርኩት። የማተሚያው ማሽን በሚጮህበት ስልኩ ስለማይሰማኝ የወረቀት መጋዘኑ ውስጥ በር ዘግቼ ብቻዬን አወራለሁ። "አራት ነጥብ" ስለው ቃሉን ይጽፈዋል፤ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ በፔዳሉ ወደ ምልክቱ እቀይረዋለሁ። ሰው ስም ላይ ይደነባበራል፣ ግን ይሠራል። ይሠራል!

ማታ ማታ አንጓዬ አይነዝረኝም። ከእንግዲህ እጄ ለልጄ ይተርፋል። ትንሽ ይታገሱኝ፣ መጽሐፉ ይለቅ ብቻ።

የካቲት 20

ጉድ ነው። ቅዳሜ ቤት ሆኜ ለስልኩ ሳነብ ዋልኩ። ምኞት የቴሌቪዥኑን ሪሞት አፏ ላይ ደቅና "ነጢብ! ነጢብ!" ትላለች። ቆማ መሄድ ከጀመረች ወዲህ ያየችውን ሁሉ ትቀዳለች። ኢዩኤል በሳቅ ሞተ። እኔም።

እማማ ከጓዳ ሲወጡ ሪሞቱን ጥላ ሮጠች። "እማ!"

ኢዩኤል ሳቁን አቆመ። እማማ አጎንብሰው፣ "እናትሽ እዚያ ናት፣ እኔ እማማ ነኝ" አሏት። እሷ ቀሚሳቸውን ጨምድዳ ያዘች።

ስልኩ ክፍት ነበር። ያንንም ጽፎታል፤ ከዳኛው ታሪክ መሀል "እማ" የሚል ቃል ገብቷል። አጠፋሁት።

መጋቢት 28

መጽሐፉ አለቀ። ጋሽ ዘርኡ ለሁሉም ኬክ አስመጡ። "ያለ እጅ መጽሐፍ የጻፈች!" ብለው አስጨበጨቡልኝ።

ሐኪሟም ደስ ብሏታል። ድንዛዜው ለቋል። "ልጅሽን በመጠኑ ማንሣት ትችያለሽ።" ታክሲ ሳልጠብቅ በእግሬ ወረድኩ፣ እየሮጥኩ ማለት ይቻላል።

ደርሼ ብብቷን ይዤ አነሣኋት። እንደ ዱላ ድርቅ አለች። ከዚያ ጮኸች። እግሯን አወራጨች፣ ደረቴን በመዳፏ ገፋችው። እማማ እጃቸው ላይ ሊጥ እንዳለ ቆመው ቀሩ። ምን ላድርግ? ሰጠኋቸው። ዝም አለች።

"ልጅ ናት፣ ትለምድሻለች" አለኝ ኢዩኤል።

እናቷን ነው የምትለምደው?

ሚያዝያ 11

እማማ ሻንጣቸውን አወጡ።

"የት ሊሄዱ ነው?"

"ቤቴ ነዋ። እኔ እዚህ እያለሁ ወዳንቺ አትመጣም።"

"ትንሽ ይቆዩ... እባክዎ።"

"የኔ ልጅ፣ እኔስ መሄድ የምችል ይመስልሻል?" ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱት። ተቃቅፈን አለቀስን። አንድም ቀን ክፉ አላሰብኩባቸውም ማለት አልችልም። ዛሬ ግን አፈርኩ።

ሚያዝያ 13

ኢዩኤል ጠዋት ወሰዳቸው። ጋሽ ዘርኡን ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ።

ምኞት በሩን በመዳፏ ትመታለች። "እማ... እማ..." ተንበርክኬ እጄን ዘረጋሁላት። በክንዴ ሥር ሾልካ ተመልሳ በሩ ጋ ቆመች። ሙዝ ሰጠኋት፣ ጣለችው። ዘፈንኩላት፣ ጆሮዋን ያዘች። ስታለቅስ ስታለቅስ ምሳ ሰዓት ላይ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተጠቅልላ እንቅልፍ ጣላት።

ያኔ አነሣኋት።

ከብዳለች። እግሯ ረዝሞ ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። ጸጉሯ እማማን እማማን ይሸታል፣ የቅቤያቸውን ሽታ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አንገቴ ሥር አስገባኋት። ስልኩ ጮኸ፣ አላነሣሁትም። ሁለቱም እጄ ደህና ነበር። እንቅልፏ እንዳያልቅ እየጸለይኩ፣ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ።

ነቃች። ቀና ብላ ፊቴን አየችው፣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።