ቦዩን የዘጋው ማን ነው?

የካቲት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ አጋሮ

ዛሬ የመስኖው ተራ የታችኞቹ ገበሬዎች ነበር፤ ውሃው ግን ሽንኩርታቸው ጋ አልደረሰም። የገበሬ ማኅበሩ የውሃ ዳኛ እኔ ነኝ፤ ላይኛው ጎረቤታቸው አባ ጊዲ ቦዩን ዘግተው ነው ብዬ እየተናደድኩ ወጣሁ። እሳቸውም ደረቅ ቦይ ላይ ቆመዋል።

«ጓድ ዳኛ፣ አንተን ፍለጋ ልወርድ ነበር፤ ከላዬ ያሉት ዘግተውብኛል» አሉኝ።

አብረን እስከ ምንጩ ድረስ ወጣን። የዘጋ ሰው የለም። ምንጩ ራሱ ይንጠባጠባል።

«ወላሂ፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም» አሉ።

በልጉ አምና ቀረ፣ ዘንድሮም ጠብ አላለም፤ ከዚያ ይሆን? ወይስ ጫካውን ስለመነጠርነው? እኔ እንጃ፣ ግራ ገባኝ። ነገ ስብሰባ ላይ ማን ዘጋው ይሉኛል። ደንባችን ውሃ የዘጋ ሰው አንድ ተራ ውሃ ይከልከል ይላል። ምንጩን ምን ልከልክለው?