በኑዕማን ራኩባ መሐል ስለተዘረጋው ገመድ

ለክቡር አቶ ዓለምነው፣
በሾዋክ ገበያ የኳስ ማሳያ ራኩባ የሰላምና ጸጥታ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ፈጣሪ ጤናዎን እንደ ገመድዎ ያጥብቅልን፣ ዕድሜዎንም እንደ ገመድዎ ያርዝምልን። እኔ ጋረደው እባላለሁ። ከመተማ ቆላ ወደ ሱዳን ተሻግሬ በቁረይሻ እርሻዎች ሰሊጥ በማሰር የምኖር፣ ኑዕማን የሚባለው ሱዳናዊ ጎረቤታችን ቴሌቪዥኑን በሰቀለበት፣ ራኩባ በሚሉት የሳር ዳስ ሥር፣ ከፊት በሁለተኛው አግዳሚ ላይ፣ ከባልንጀራዬ ከሃፍቱ ጎን ተቀምጬ የአፍሪካን ዋንጫ የምከታተል ሰው ነበርሁ። «ነበርሁ» ማለቴ አሁን የት እንደምቀመጥ የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ ነው።

ጊዜዎን እንዳልሻማ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በመክፈቻው ቀን ሁለት ሰዎች በመቀመጫ ተጣልተው ሲተናነቁ አይተው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ገመድ ገዝተው ራኩባውን ለሁለት ስለከፈሉልን እናመሰግናለን። በቀኝ «የካምፕ ሰዎች»፣ በግራ «የእርሻ ሰዎች» ብለው መመደብዎ፣ ትግራይና ጎንደር ብለው ላለመጥራት ያሳዩትን ይሉኝታ ያስመሰክራል። ብቻ አንዲት ትንሽ ነገር ሳትነገርዎ ቀርታለች። የተናነቁት ሁለቱም የመተማ ልጆች፣ ለዚያውም የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ገመዱ ሌላውን ሁሉ ሲለያይ እነሱን በአንድ አግዳሚ፣ ትከሻ ለትከሻ አስቀምጧቸዋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይለዋል አገሬ።

ሁለተኛ፦ ሻይ የምትሸጥልን ሸዊት እናቷ ከትግራይ፣ አባቷ ከጎንደር መሆናቸውን በነገረችዎ ጊዜ ጥቂት አሰቡና ገመዱ ከታሰረበት ምሰሶ ሥር እንድትቀመጥ ወሰኑ። ፍርድ ማለት ይህ ነው። ክቡርነትዎም ለሁለቱ ወገን እኩል ለመሆን ሲሉ በፕላስቲክ ወንበርዎ ከሁላችን ፊት መሐል ላይ ይሰየማሉ። ከግራ የሚመታውን የማዕዘን ምት ጭንቅላትዎ ስለሚጋርደን፣ ኳሷ መምጣቷን በእምነት እንቀበላለን።

ሦስተኛ፦ «ጮክ ብሎ ውጤት መገመት ቂም ያመጣልና ክልክል ነው» የሚለው ማስታወቂያዎ በቀጥታ እኔን እንደሚመለከት ገብቶኛል። እውነት ነው፣ እገምታለሁ። ሱዳን ከኢኳቶሪያል ጊኒ ስትጫወት «ሱዳን ዛሬ ጎል አታገባም» ብዬ ነበር፤ በዚህም ያኮረፉኝ ብዙ ናቸው። ሱዳን አንድ ለባዶ አሸነፈች። ጎሏን በራሱ መረብ ላይ ያስገባት ግን የኢኳቶሪያል ጊኒው ተከላካይ ነውና እኔ አልተሳሳትሁም፤ እስከ ዛሬም በዚህ አቋሜ እጸናለሁ። ያን ለት ከገመዱ ማዶ ሆኖ ሆዱን ይዞ የሳቀብኝ ሃፍቱ ነው። ድሮ ቢሆን ጎኔን በክርኑ ይጎሽመኝ ነበር። አሁን በመካከላችን ገመድዎ ስላለ ሳቁን በሩቁ ሰማሁት፤ አልዋሽዎትም፣ ከፋኝ።

ሃፍቱን ላያውቁት ይችላሉ። የሚያድረው ስደተኞች ካምፕ ነው፣ የሚውለው እርሻ፤ ስለዚህ በደንብዎ መሠረት ወገቡ ላይ መቆረጥ ነበረበት። ጦርነቱ ካፈናቀለው ወዲህ አምስት መኸር አብረን ሠርተናል። እሱ ያጭዳል፣ እኔ አስራለሁ። በየቤታችን ስለሆነው ነገር ብዙ አላወራንም፤ ሰሊጥ ደርሶ አፉን ከከፈተ በኋላ አጫጁና አሳሪው ከተኳረፉ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና መኳረፊያ ጊዜም አልነበረን።

አራተኛው ስለ ሴኔጋል ጨዋታ ነው፤ እሱን እርስዎም አይረሱትም። ሱዳን ገና በጠዋቱ አግብታ ራኩባው በእልልታ እንደተናወጠ ያ የሰሜን ነፋስ ተነሣና ዲሹን ከጣሪያው ላይ ገለበጠው። ኑዕማን የማሰሪያ ያለህ እያለ ገበያውን ዞረ። ሁላችንም ገመድዎን አየን። ክቡርነትዎን ፈቃድ ስንጠይቅ ጉዳዩ ኮሚቴው ተሰብስቦ እንዲወስንበት አዘዙ። ያኔ ነው ቋጠሮውን የፈታሁት፤ በነገራችን ላይ የእርስዎ ቋጠሮ አንዲት ነዶ እንኳ አይይዝም። ሃፍቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ እኔ ከታች ቀረሁ። «ጋረደው ሓወይ፣ ጫፉን ያዝልኝ፤ እንዳትለቀው» አለኝ። ከማዶና ከማዶ ከተቀመጥን ወዲህ «ወንድሜ» ብሎ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር። አልለቀቅሁትም።

ምስሉ ሲመለስ ሴኔጋል ሁለት አግብታ ጠበቀችን። ሁሉም ያገኘበት ተቀምጦ፣ ካምፑም እርሻውም ተደባልቆ፣ ሱዳን ሦስት ለአንድ ስትሸነፍ እኩል አዘነ። ማንም ማንንም አልነካም። ሸዊትም ከምሰሶው ሥር ተነሥታ ሻይዋን እንደ ልቧ አዞረች።

ለዚህም ማግስቱን ምላሽዎ ደረሰን። እኔና ሃፍቱ «የጸጥታ መሣሪያ በማፍረስ» ጥፋተኞች ሆነን፣ ለፍጻሜው ጨዋታ አዲስ ገመድ እንደሚዘረጋና እኛ በሁለቱ ዳር ዳር እንደምንቀመጥ ተነገረን።

እንግዲህ አቤቱታዬ ይህች ብቻ ናት። ፍጻሜው እሑድ ነው፣ የከተራ ለት። ሃፍቱ ጥምቀትን ውሎ በማግስቱ ማክሰኞ ወደ አገሩ ይገባል፤ እናቱን ካያት አምስት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲያ እኔ ከዚህ፣ እሱ ከዚያ ነን፤ በመካከላችን ያለውን ለመዘርጋት የኮሚቴ ውሳኔ አያስፈልግም። ሴኔጋል ታሸንፋለች እላለሁ፣ እሱ ሞሮኮ ይላል። ከሁለት አንዳችን እንሳሳታለን፤ የተሳሳተው ሲጎሸም ጎን ለጎን መሆን እንፈልጋለን። ዘጠና ደቂቃ ነው የለመንሁዎ፣ ቢበዛ ከጭማሪው ጋር።

ልመናዬ ባይፈጸም እንኳ ሁለታችንን በእኩል ርቀት ስላራራቁን ፍትሕዎን እያደነቅሁ፣ ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለኮሚቴዎ ረጅም ስብሰባን፣ ለጭንቅላትዎም ትንሽ ወደ ቀኝ ማለትን የምመኝ፣

የግራው ክፍል ታዛዥ ነዋሪ፣
ጋረደው፣ ሰሊጥ አሳሪ
ጥር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሾዋክ

ማሳሰቢያ፦ አዲስ ገመድ ከገበያ ስላጡ አሮጌውን ከዲሹ ላይ ሊፈቱት እንዳሰቡ ኑዕማን ነግሮኛል። ይፍቱት፣ ግን አይድከሙ። ያ ቋጠሮ የሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆኖ እኩል ካላላሉት አይፈታም። እኔ የታችኛውን ጫፍ ይዤ እዚሁ አለሁልዎ። የላይኛውን ለመፍታት ግን እስከ ማክሰኞ ይፍጠኑ።