በዐቢይ ጾም ተመታ ስለ ተባለው ከበሮ

ይድረስ ለክቡር የከተማችን የድምፅና የንዝረት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ከእርስዎ፣ ከቤተ ሰብዎና ከመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች ሁሉ ጋር ይሁን። አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ጆሮዎ ደኅና ነውን? እንቅልፍዎስ እንደምን ነው? ቢሮዎ ከላይኛው ፎቅ ስለ ሆነ ከምድር የሚመጣ መንቀጥቀጥ እንደማይደርስብዎ ተስፋ አደርጋለሁ፤ አምላክ በዚሁ ጸጥታ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ። እኔ በቀሐ ወንዝ አቅራቢያ የምኖር፣ ዘመኔን የማኅሌቱን አቋቋም ሳስተምር የፈጀሁ ሽማግሌ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሳይከፈቱ ቀርተው ይሆናል በሚል በጎ ግምት ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ካለፈው መስከረም ጀምሮ ከቤታችን ሥር አንድ ድምፅ አለ። ድምፅ የምለው ሌላ ስም ስላጣሁለት ነው፤ ከጆሮ ይልቅ በደረትና በአጥንት የሚታወቅ፣ ከባድ ማኪና ሩቅ ቆሞ ሞተሩ የሚያጉረመርም የሚመስል፣ ነገር ግን ተነሥቶ የማይሄድ ነው። አንዱ የውኃ መሳቢያ ሞተር ነው ይላል፤ ሌላው የአዲሱ ሕንጻ ጄኔሬተር ነው ይላል። እውነቱን የሚያውቅ አልተገኘም፤ እኔም ማንንም አልከስም።

መጀመሪያ ያወቀችው ባለቤቴ ወለተሩፋኤል ናት። አቋቋም ከማንም አልተማረችም፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከማስተምርበት ክፍል መጋረጃ ጀርባ ሆና ስታዳምጥ ስለ ኖረች፣ የተማሪ እግር ከመቋሚያው የቀደመ እንደ ሆነ ሳታይ ታውቅ ነበር። «ያ የአይከሉ ልጅ ዛሬም ቸኩሏል፤ ምነው፣ ቤቱ ሊቃጠል ነው?» ትለኝ ነበር። የከዳት ይኸው ጆሮዋ ነው። ጥጥ ብትወትፍበት የመንገዱ ጫጫታ ይጠፋና ያ ጉርምርምታ ብቻውን ይቀራል። የጠበል ዋንጫ ከራስጌዋ ስናኖር የውኃው ፊት ይርገበገባል። ራሷን ያዞራት ጀመር፤ እህልም አልረጋላት አለ። ሐኪሞች መርምረው «እማማ፣ ጆሮዎ እኮ የወጣት ነው» ቢሏት «እንግዲያውስ ለወጣቱ መልሱለት» አለቻቸው። ጾሙ ሊገባ ሲል የእኅቷ ልጅ ሰርካለም ወደ ማክሰኝት ወሰደቻት። እዚያ እንቅልፍ አገኘች፤ ከዚያ በኋላ የምትለምነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ትንሣኤን በቤቴ እንድውል ያን ነገር ጸጥ አስብልልኝ።»

ስለዚህ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ የተደረገልኝንም በተራ እያነሣሁ አመሰግናለሁ።

፩ኛ፤ ባለሙያዎችዎ ስለ መጡ አመሰግናለሁ። የመጡት በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያተኛውና ባጃጁ በሚተራመስበት ሰዓት ሲሆን፣ መሣሪያቸውን ከአጥራችን በር ውጭ ተክለው ለኩ። እባካችሁ ገብታችሁ ምኝታ ቤቷን እዩልን ብንል «አባታችን፣ መመሪያው ውጭ ነው የሚለው» ብለው በፍጹም ትሕትና እምቢ አሉን። ሕመምተኛን ከደጅ ቆሞ የሚመረምር ሐኪም እስከዚያ ዕለት አይቼ አላውቅም ነበርና በእርጅናዬ አዲስ ጥበብ አስተምረውኛል።

፪ኛ፤ ስለ መሣሪያውም አመሰግናለሁ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምረው ጎረቤቴ አለምነህ እንዳስረዳኝ፣ ያ መሣሪያ የተስተካከለው የሰው ጆሮ አጥርቶ የሚሰማውን ድምፅ እንዲመዝን ነው፤ እጅግ ዝቅ ያለውን ድምፅ ግን እንደ ኢምንት ቆጥሮ ይቀንሰዋል። ንዝረት የሚለካው በሌላ መሣሪያ ሆኖ፣ እርሱም ሰው በሚተኛበት አልጋና በወለሉ ላይ ተቀምጦ ለብዙ ሰዓት መቆየት አለበት አለኝ። እንግዲህ «ከተፈቀደው ወሰን በታች ነው» የሚለው ውጤትዎ ሐሰት አይደለም። በወንፊት ውኃ ቀድቶ ወንዙ ደርቋል የሚል ሰውም አልዋሸም፤ ወንፊቱ በእርግጥ ባዶ ነው።

፫ኛ፤ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የድምፁን ምንጭ ማግኘትዎ ነው። ሪፖርቱ እንዲህ ይላል፦ «አቤቱታ የቀረበበት ድምፅ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ላይ ከሚመታው ከበሮ የመነጨ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ የደብሩ አገልጋዮች ድምፁን እንዲቀንሱ ይመከራል።» ክቡር ሆይ፤ ባለሙያዎችዎ የመጡት በዐቢይ ጾም፣ በምኵራብ ሳምንት ነው። በዚያ ወራት ከበሮና ጸናጽል እንደማይነካ፣ ሊቃውንቱ መቋሚያ ብቻ ይዘው፣ እርሱን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ፣ በዝማሜ እንደሚያገለግሉ በጎንደር የማያውቅ ሰው ቢኖር እንግዳ ነው። የሌላ አገር ሰው ጽፎት ይሆናል ብዬ እንዳልጽናና፣ ከግርጌ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው። እርስዎ ደግሞ በዚሁ ደብር ዲያቆን ሳሉ፣ ጾሙ ሲገባ ከበሮውን ተሸክመው ወደ ዕቃ ቤት የሚያስገቡት እርስዎ ነበሩ፤ ከትንሣኤ በፊት እንዳይወጣም ቁልፉን የሚጠብቁ እርስዎ ነበሩ፤ ከዚያ ሲመለሱ የሚበሉት የወለተሩፋኤልን እጅ ነበር።

ይህን በስልክ ስነግራት አልተቆጣችም። «ተው አያ፣ ሥራ በዝቶበት ሳያነበው ፈርሞት ነው። ልጄ ይህን አይስተውም» አለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሳያነቡ ከመፈረምዎና አንብበው ከመፈረምዎ የትኛው እንዲሻል አሰላስላለሁ። እርሷ የመረጠችልዎ የመጀመሪያውን ነው። እርስዎም በእርሱ ይቆዩ፤ ከእርሷ የተሻለ ጠበቃ አያገኙም።

፬ኛ፤ ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን አቤቱታዬን ባስገባሁ በሳምንቱ መልስ መጣ፦ «ለንዝረቱ ተጋልጠዋል የተባሉት ግለሰብ በአሁኑ ጊዜ በቤቱ የማይኖሩ በመሆኑና በቤቱ ሌላ ተጋላጭ ባለመቅረቡ መዝገቡ ተዘግቷል።» ከሚቃጠል ቤት ሮጦ የወጣ ሰው፣ በመውጣቱ እሳቱን አጠፋው ማለት ነው። ይህን መልስ ለወለተሩፋኤል አልነገርኋትም። ስልክ በደወልሁ ቁጥር «ምን አሉ?» ትለኛለች፤ እኔም «ይለካሉ» እላታለሁ። «ቶሎ ይለኩ በላቸው፤ በዓሉ ደረሰ» ትለኛለች።

በሰሙነ ሕማማት፣ በማክሰኝት፣ በሰው ቤት አረፈች። በዚያ ሳምንት ለሙታን ፍትሐት ስለማይደረግ፣ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ለሁላችን በተደረገው ፍትሐት ተሸኘች፤ በዚያች ዕለት በሕይወት ሳለች የቆመችበት ፍትሐት ነበር። ወደ ደብራችን አምጥተን ቀበርናት። ትንሣኤን በቤቷ አልዋለችም። ንዝረቱ ገደላት አልልም፤ ይህን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው፤ ለማወቅ የሚያስችለውን መሣሪያ ደግሞ እናንተ አላመጣችሁትም። እኔ የምለው ከቤቷ ያስወጣት እርሱ መሆኑን፣ እንዳትመለስም በሩን የዘጋባት የእርስዎ ማኅተም መሆኑን ብቻ ነው።

ክቡር ሆይ፤ ብዙ ጊዜዎን ወሰድሁ። ያስተማርኋቸው ለትልቅ ወንበር ሲበቁ ማየት ለመምህር ደስታ ነው ይባላልና፣ ደስታዬ ፍጹም እንዲሆን ይጸልዩልኝ። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።

ከወንበርዎ ከፍታ በታች፣ ከሚንቀጠቀጠው ምድር በላይ ሆኜ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር እጅ የምነሣ፤

መሪጌታ ሐብተ ማርያም ዳኜ
የአቋቋም መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ መዝገቡ የተዘጋው በቤቱ ሌላ ተጋላጭ ባለመቅረቡ እንደ ነበረ አልዘነጋሁም። ከቀብሯ ወዲህ በአልጋዋ ላይ የምተኛው እኔ ነኝ። ከከበሮ አጠገብ ሲቆም የኖረው ጆሮዬ ስለ ደነዘዘ፣ የምትለውን አምናት ነበር እንጂ ራሴ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን ግን ጉንጬን በትራሷ ላይ ሳሳርፍ ከታች ይመጣል። እነሆ ተጋላጭ ቀርቧል፤ መዝገቡ ይከፈት፤ መሣሪያውም ወደ ውስጥ ይግባ። እኔ ከአልጋው የትም አልሄድም። ነገር ግን በዕድሜ ገፍቻለሁና፣ በዚያው ምክንያት ሁለተኛ እንዳትዘጉት ጥቂት ብትፈጥኑ መልካም ነው።