ከተካ ማሳ የሚመጣው ገጀራ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1996፣ ጠዋት

የቤተ ሙከራ ሳህኖቹን ከማሞቂያው አወጣሁ። ሌሊቱን መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ነበር፤ ቢሆንም በቅሎባቸዋል። ከአቶ ተካ ማሳ ያመጣሁት እንጨት በሁሉም ሳህን ላይ ያበቀለው አንድ ዓይነት ነው። ከላይ እንደ ጥጥ ነጣ ያለ፣ ከሥር ወይን ጠጅ። በማይክሮስኮፕ አየሁት። የፈንገሱ ዘሮች እንደ ማጭድ የታጠፉ ናቸው። ግንድ አድርቅ ነው። የቡናን ዛፍ በቁሙ የሚያደርቀው።

ለአንተ ለማስታወሻዬ እንጂ ለማንም ገና አልተናገርኩም። ተካ ዛፎቹ ሲደርቁ ፀሐይ ነው ብሎኝ ነበር። በነሐሴ! ቴፒ ላይ ፀሐይ ካየን ሰንብተናል። የሚያውቅ ይመስለኛል፤ በአፉ ማውጣት ነው የከበደው።

የሚያስጨንቀኝ ግን የእሱ ማሳ ብቻ አይደለም። የተካን ማሳ ከአቶ አደሎ ማሳ የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 27

አደሎ ዘንድ ዋልኩ። በጌጫ መንገድ እስከ ድልድዩ በመኪና፤ ከዚያ ወዲያ በእግር። ጭቃው ቡት ጫማዬን ሁለቴ አስቀረብኝ።

ስለ አደሎ ጽፌልህ አላውቅም መሰለኝ። ስድሳ ያለፈው ገበሬ ነው። ከቤቱ በታች የነበረው ቡና በሙሉ በዚሁ በሽታ አልቆ ተነቅሏል፤ አሁን በቆሎ ነው። ከቤቱ በላይ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር ያለው ብቻ ተረፈ። ለምን እንደተረፈ ለማወቅ ነው ሦስት ዓመት የተመላለስኩት። ዘሩን ወስደን ችግኝ አፈላን፤ ችግኞቹን በበሽታው ወጋናቸው፤ አብዛኞቹ ሳይደርቁ ቆሙ። ዘንድሮ ፍሬው ሲደርስ ዘር ለቅመን ቡናቸውን ለነቀሉት ገበሬዎች ልናባዛ ነው። ለእኔ ይህ ነው። ለአደሎ ደግሞ ያለው ቡና ይኸው ነው፤ ልጁ ሚዛን ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማረው በዚህ ነው።

ዛሬ የሰማሁት፦ የአረም ደቦ ተራው ደርሷል። ከለቀማ በፊት ጎረቤቱ ተሰብስቦ የአንዱን አረም መንጥሮ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሁሉም የራሱን ገጀራ ይዞ። አደሎ ከተካ በቀር የሁሉንም ማሳ መንጥሯል። የእሱ ተራ የመጨረሻው ነው። ሰኞ መስከረም 3 ተካ ጋ፤ ማክሰኞ አደሎ ጋ። ማለትም ገጀራው ሁሉ ከተካ ማሳ በቀጥታ ይመጣል። አረም ሲመነጠር ስለቱ የግንዱን እግር መጫሩ አይቀርም። ፈንገሱ ደግሞ ከዚያ ጭረት የተሻለ በር አይፈልግም።

ዘንድሮ ደቦው ይለፍህ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀብኝ። «ሰው ቤት ሁሉ በልቼ ጠጥቼ፣ የእኔ ተራ ሲደርስ በሬን ልዝጋ?» ቀጥሎ ሳቁን አቆመ። ቡናዬን ማን ይለቅምልኛል አለ። ስሞትም የሚቀብረኝ ይኸው ደቦ ነው አለ።

ስመለስ ዝናብ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 28

ለዶ/ር መላኩ ደወልኩ። አለቃዬ ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የዘሩን ሥራ የሚመራው እሱ ነው። የተካን ውጤት ነገርኩት። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር። ደስ አለው።

የሚለው ይህ ነው፦ የደቦው ሰዎች ይግቡ። ገጀራውን አጥቦ አረም የሚመነጥር ገበሬ የትም የለም። ዛፉ የተካን ገጀራ የማይችል ከሆነ ዘሩን ለማን ልንሰጠው ነው? ማሳውን ለሁለት ክፈለው፤ ግማሹን በታጠበ ገጀራ፣ ግማሹን ሳይታጠብ እንደመጣ። ከዚያ እናያለን።

ልክ ነው። ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። ችግኝ ቤት ውስጥ መርፌ ወግቶ መቁጠር አንድ ነገር ነው፤ ደቦ ሌላ ነገር ነው። በሽታ ይቋቋማል ማለት ግን አይታመምም ማለት አይደለም አልኩት። ያንኑ ነው የምናየው አለኝ። እንግዲያው ለባለቤቱ ልንገረው አልኩ።

«ብትነግረውማ ይከለክልሃል።»

አስብበታለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እንዴት ያለ መልስ ነው!

ሰኞ፣ ጳጉሜን 1

አደሎ ቤት። ተካም ነበር። የአደሎ ባለቤት ወ/ሮ አልማዝ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረበች። ተካ ውጤቱን ከእኔ አፍ ሰማ፤ ራሱን ነቀነቀና ወደ ጎደሬው ተመለሰ።

ገጀራዎቹ ማሳ ከመግባታቸው በፊት እሳት ላይ ይለፉ አልኩ። እዚያ ላይ ተካ አፉን ከፈተ። እሳት የገባ ብረት ስለቱ ይሞታል፤ አንጥረኛው የሰጠውን ጥንካሬ ያጣል። እውነት ነው። «ዶክተር፣ ገጀራዬን አብስለህ ልትበላው ነው?» ዶክተር አይደለሁም፤ ስንት ጊዜ ነገርኳቸው።

ወ/ሮ አልማዝ አረቄ አለች፤ ለሰው ቁስል ይሆን የለም ወይ? ተካ ጎደሬውን አስቀመጠ። «አረቄው ለገጀራ፣ ውኃው ለእኛ! እንዲህ ወዳለ ደቦ እግሬን አላነሣም።» አደሎ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ስለ ግማሹ ማሳ አልነገርኩትም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ተካ ስላለ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። ተካ እኮ ከእኔ በፊት ነው የወጣው።

ማታውኑ ቤተ ሙከራ ገባሁ። በታመመው የተካ እንጨት ላይ ቢላዎች አሻሸሁ። አንዱን በእሳት፣ አንዱን በአረቄ፣ አንዱን በበረኪና፣ አንዱን እንዲያው። ሁሉንም ሳህን ላይ አሳረፍኩ።

ዓርብ፣ ጳጉሜን 5

ውጤት። እሳት፦ ንጹሕ። በረኪና፦ ንጹሕ። አረቄ፦ ካልታጠበው ቢላ ጋር ቢያምታቱብኝ አልለየውም። ወ/ሮ አልማዝን ቅር ይላታል። ተካ ደስ ይለዋል።

በረኪና ልገዛ አቶ ነስሩ ሱቅ ሄድኩ። የጅማ ሰው ነው፤ ሳይጠይቅ አይሸጥም። ለበዓሉ ልብስ ልታጥብ ነው ወይ አለኝ። ገጀራ ነው አልኩት። መልሶ መላልሶ አየኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ሚስት ብታገባ ይሻልህ ነበር።»

ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ገጀራው በረኪና ውስጥ ቆይቶ በውኃ ይለቀለቃል፤ ከግንዱ አንድ ክንድ ድረስ ያለው አረም ደግሞ በእጅ ይነቀላል። ይቻላል።

ቅዳሜ፣ መስከረም 1 ቀን 1997

እንቁጣጣሽ። ጧት ዶ/ር መላኩ ደወለ። እንኳን አደረሰህ። ከዚያም፦ ግማሹን እንዳትረሳ።

አሜን ብዬ ዘጋሁ። አሜን የየትኛው መልስ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

እሑድ፣ መስከረም 2

ነገርኩት።

ለበዓል ጥየቃ ብዬ ሄጄ፣ ዋንዛው ሥር ቆመን፣ ሁሉንም። አለቃዬ ያለውን፣ ለምን እንዳለ፣ ከፊሉ ልክ መሆኑንም። አደሎ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ሚዛን ያለችው ልጄ በየትኛው ግማሽ ነው የምትማረው?»

ሁሉም ገጀራ ይታጠባል፣ ግማሽ የሚባል የለም አልኩት። ይህን ስል ነው መወሰኔን ያወቅኩት። አደሎ ግን ደስ አላለውም። ወ/ሮ አልማዝ ከጓሮ ሆና ሰምታ ነበር። ባለፈው ሰኞ እዚሁ ቤት ተቀምጠህ ስትስቅ ታውቅ ነበር ወይ አለችኝ። አዎ አልኩ። ወደ ቤት ገባች። ደህና ዋል የሚለኝም አልነበረም።

ማስታወሻዬ፣ ካልነገርኳቸው ነገሮች ይልቅ የነገርኩት ያሳፈረኝ ዛሬ ነው።

ሰኞ፣ መስከረም 3፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አደሎ ቤት ነኝ። እዚሁ አድራለሁ።

የመጣሁት ባልዲውንና በረኪናውን ለማድረስ፣ በእጅ የሚታረመውን ቦታ በገመድ ለመከለል ነበር። ወንዶቹ ተካ ማሳ ላይ ነበሩ፤ አደሎም። ብቻዬን ከዛፍ ዛፍ ስሄድ መሐል ያለው ትልቁ ዛፍ ላይ ቆምኩ። ፍሬው ከሁሉ የበዛው እሱ ነው፤ ዘር ከእሱ ልንጀምር ነበር። በአንድ ጎኑ ያለው ቅጠል ገርጥቷል። በሌላው ጎን ምንም የለም። ያለፈው ሳምንት አላየሁትም፤ ወይም አልነበረም።

ጎንበስ አልኩ። ከእግሩ ከፍ ብሎ የገጀራ ጭረት። የቆየ፣ አፉ የገጠመ።

ቅርፊቱን ፋቅ አደረግኩ። ቡናማ መስመር። የግንድ አድርቅ መስመር የማውቀው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ይህ ግን ቡናማ ነው። ገና የጀመረ ሊሆን ይችላል። ሌላ የሥር በሽታም ሊሆን ይችላል። ሳህን ላይ ካላበቀልኩት በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ሳህኑ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል። ደቦው ነገ ጠዋት ነው።

አደሎ ሲመለስ አሳየሁት። ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰው። በሰኔው አረም ከተካ ማሳ ተመልሶ፣ ግንዱ ላይ የተጠመጠመ ሐረግ በዚያው ገጀራ ቆርጦ እንደነበር ነገረኝ። የራሱ እጅ ነው። እኔ የእንግዶቹን ገጀራ ስፈራ ከረምኩ፤ የባለቤቱን አልጠየቅኩም። እሱም አልጠረጠረውም፤ የገዛ ገጀራውን ማን ይጠረጥራል?

ተካም ከኋላው መጥቶ ነበር። ቅጠሉን አየ። ቀልድ አልነበረውም። የእኔም በአንድ ጎን ነው የጀመረው አለ።

አደሎን ሁለቱንም መንገድ አስረዳሁት። ግንድ አድርቅ ከሆነና ከተውነው፣ ነገ ያ ሁሉ ሰው በሥሩ ይመላለሳል፤ በረኪናው ከማሳ ወደ ማሳ ያለውን ያቆም እንደሆነ እንጂ ከዚህ ዛፍ ወደ አጠገቡ ዛፍ ያለውን አያቆምም። ካልሆነና ከነቀልነው፣ የማሳውን ምርጥ ዛፍ ከነፍሬው በገዛ እጃችን ገደልን። ዘሩም አብሮ ይሄዳል። ዶ/ር መላኩ ቢሰማ አትንኩት ነው የሚለው፤ ይህ ዛፍ ታሞ ቢያገግም የሦስት ዓመት ጥያቄ ይመለስለታል። እኔም እኮ ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህን ከአንተ አልደብቅም አልኩት።

አደሎ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ትናንት ከነገርኩት በኋላ ገና አሁን ነው ዓይን ዓይኔን ያየኝ።

«ንቀል ካልክ እነቅላለሁ። ተው ካልክ እተዋለሁ። ብቻ አንዱን በል።»

ቅርፊቱን ሌላ ቦታ ላይ ፋቅሁ፤ ያው ቡናማ። ተካ አየኝ። ወ/ሮ አልማዝ በሩ ላይ ቆማለች።

ይነቀል አልኩ።

ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ሳይገባ። ከነሥሩ፤ ተጎትቶ ሳይሄድ እዚያው ጉድጓዱ ላይ ይቃጠላል። ፍሬውም አይለቀምም። ተካ ዶማ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ከግንዱ ቁራጭ ወስጄ በወረቀት ጠቅልያለሁ፤ ልክ መሆኔንም አለመሆኔንም ሳምንቱ ሳያልቅ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ አደሎም ያንኑ ቀን ይሰማል።

ለዶ/ር መላኩ የምደውለው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው።