ለነጠላው የሚተው ቦታ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ፤

እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎስ ቅዳሴውን ቆሞ መጨረሱን ቻለልዎት? እኔ በጸሎትዎ ከደብረ ማርቆስ ብርድ በቀር ምንም አልሆንኩ፤ እሱም የአገራችንን የሮብ ገበያን ብርድ ለለመደ ሰው ብርድ አይባልም። ስልኩ እንቢ ስላለኝ ይህን ወደዚያ በሚመጣው በዲያቆን ዘማርያም እጅ ልኬያለሁ።

አጎቴ ደምለው ስለ ወንድሜ ስለ ባዘዘው የላከብኝ መልእክት ደርሶኛል። ሰሊጥ አጨዳ ብሎ መተማ ከወረደ ሁለት ዓመት ሞላው፣ ድምፁም ጠፋ፣ እንግዲህ ከፋሲካ በኋላ ፍትሐቱ ይፈታ፣ ተዝካሩም ይውጣለት ብለው ሽማግሌዎቹ ይዘውዎታል አሉ። እርስዎም ዝም ብለዋል አለኝ። ዝምታዎ አናደደኝ፤ ይቅር ይበሉኝና እውነቱ ይኸው ነው።

ከመልሴ በፊት ስለ ትምህርቴ ላውራዎት። ባለፈው ምን እንደምማር ጠይቀውኝ አድበስብሼ አልፌዎታለሁ። ነገሩ አንድን ትልቅ ክፍልፋይ ወደ ትንንሾች መበተን ነው፤ ትልቁ እንዳለ ለማስላት አይመችማ። ከሥር ያለው በራሱ ከተባዛ፣ አንድ ክፍልፋይ ለጥንዱ፣ ማለት ሁለት ጊዜ ለተባዛው፣ አንድ ደግሞ ለነጠላው፣ አንዴ ብቻ ለሚጻፈው ይሰጣል። ከላያቸው የሚቀመጠው ቁጥር ገና ስላልታወቀ ለጊዜው ሀ እና ለ ይባላል። ፍለጋው ከዚያ ነው የሚጀመረው።

መቼም ክርክር መውደዴን ያውቃሉ። ጥንዱ ካለ ነጠላው ምን ያደርጋል ብዬ መምህርቴን፣ የብርጓልን፣ ሞገትኳቸው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ስሠራ የነጠላው ቁጥር ዜሮ ወጣ፤ አላልኩም ወይ ብዬ ፎከርኩ። በሚቀጥለው ጥያቄ ለነጠላው ቦታ ሳልሰጠው አለፍኩ። ግማሽ ቀን ብታገለው ሁለቱ ወገን እኩል አልሆን አለኝ። መምህርቴ መጥተው ነጠላውን ጨመሩበት፤ ሠራሁት፣ ሦስት ወጣ። ሦስት ነበረ አባቴ፤ የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ያኛው ዜሮ አልነበረም ወይ ብላቸው፣ «እሱንም ዜሮ መሆኑን ያወቅሽው ቦታ ሰጥተሽ ስለፈለግሽው ነው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አላስቀምጥ ብሎኛል። ለመሆኑ መተማ ወርዶ ባዘዘውን የጠየቀ ከመካከላችን ማን አለ? አጎቴም ቢሆን ከገበያ የሰማውን ነው የሚያወራው።

ፍትሐቱን ያቆዩልኝ። ለፋሲካ አልመጣም፤ ፈተናዬን እንደጨረስኩ የምሄድበት አለኝ። ዜሮ ከሆነ እኔው መጥቼ እነግርዎታለሁ፤ ያን ጊዜ ይፍቱት። ዘማርያም ሲመለስ የባዘዘውን ጉርድ ፎቶ በፖስታ አሽገው ይስጡልኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን ለእናቴ አይንገሯት።

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ ጸሎትዎ በሄድኩበት ሁሉ አይለየኝ።

ልጅዎ፣
የባዘዘው ታናሽ